የቻይና ታሪክ ለቢቸናና ለሞጣ ተማሪ ትርፍ አይደለም

ቻይናን በትምህርት ቤት ስለ ማስተማር ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚስማማበት አንድ ሐሳብ አለ። ወላጁም፣ የትምህርት ባለሙያውም፣ ባለሥልጣኑም ይህንኑ ይላሉ፦ ቻይንኛ የሥራ ቋንቋ ነው፤ የቻለ ይማረው፣ እንጀራ ያበላዋል። ባህሉ ደግሞ ለአንድ ቀን ዝግጅት ያምራል፤ ቀይ ፋኖስ ይሰቀላል፣ በብሩሽ ስም ይጻፋል፣ ኩንግ ፉ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታሪኩ ግን ለአንድ የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ምን ይፈይድለታል? የራሱን አገር ታሪክ ገና ጠንቅቆ ላላወቀ፣ መማሪያ መጽሐፍ ከጓደኞቹ ጋር ለሚካፈል ተማሪ የሩቅ ምሥራቅ ሥርወ መንግሥታትን መዘርዘር ቅንጦት ነው ይባላል። ይህ አስተያየት ሥር ከመስደዱ የተነሣ ደፍሮ የሚሞግተው የለም። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። ለቢቸናና ለሞጣ ተማሪ ከቻይና ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ታሪኳ ነው፤ ያውም የእህሏ፣ የመሬቷና የፈተናዋ ታሪክ።

አሁን ያለውን እንይ። በአገራችን ስለ ቻይና የሚሰጠው ትምህርት በአመዛኙ አዲስ አበባ ላይ የተከማቸ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኮንፊሽየስ ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢትዮ-ቻይና ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ በተከፈተውና ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት በሚባለው ግቢም ሌላ አለ፤ እዚያው እ.ኤ.አ. በ2021 ሉባን ወርክሾፕ የሚባለው የሙያ ማሠልጠኛ ተጨምሮበታል። ደቡብ አፍሪካ፣ ኡጋንዳና ኬንያም ቻይንኛን በትምህርት ሥርዓታቸው ለማካተት ወስነዋል። የሁሉም ዓይን ያረፈው ቋንቋና ሙያ ላይ ነው፤ ለዋና ከተማና ለኮሌጅ ይህ ስሕተት አይደለም። ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ሲመጣ ግን ስሌቱ አይሠራም። ቻይንኛ ጋዜጣ ለማንበብ ብቻ ከሁለት ሺህ በላይ ምልክቶችን መያዝ ይጠይቃል፤ ለዓመታት የሚቀመጥ መምህርም ይፈልጋል። በሁለቱ ከተሞች እንዲህ ያለ መምህር በሌለበት፣ የአንድ ሳምንት ዓውደ ጥናት አዘጋጅቶ "ቋንቋ አስተማርን፣ የሥራ በር ከፈትን" ማለት ለወላጅ የማይፈጸም ተስፋ መስጠት ነው። ተማሪው ሰላምታና ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ በወሩ ይረሳዋል። ታሪክ ግን በጥቂት ክፍለ ጊዜ ብዙ ርቀት ይኬድበታል፤ መምህሩም እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ አለ።

እህልን እንውሰድ። ከደጀን ወደ ቢቸና የሚወስደው መንገድ ግራ ቀኙ የጤፍ አገር ነው። በደርግ ዘመን የዚህ አገር ገበሬ የእህል ኮታ ነበረበት፤ መንግሥት በቆረጠው፣ ከገበያው እጅግ ባነሰ ዋጋ ለመንግሥት የእህል ገዢ ድርጅት ማስረከብ ግዴታው ነበር። ምርቱ ያልደረሰለት ገበሬ ከገበያ በውድ ሸምቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። ይህን የዛሬው ተማሪ ከአያቱ አንደበት መስማት ይችላል። ቻይና የእህል ግዢን በመንግሥት እጅ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር። በ1958 ገበሬው በሕዝብ ኮሙን ተጠረነፈ፤ የቤቱ ምድጃ እንዲጠፋና በጋራ ማዕድ ቤት እንዲበላ ተደረገ፤ ድስቱና የእርሻ መሣሪያው ሳይቀር ለብረት ማቅለጫ የተወሰደበት ብዙ ነው። ከዚያ የሪፖርቱ ጣጣ መጣ። የታችኛው ሹም የላይኛውን ደስ ለማሰኘት ያልተመረተውን ተመረተ አለ፤ ጎረቤቱ ያለውን ቁጥር የሰማ ሌላ ሹም ደግሞ ከዚያ አስበልጦ ጻፈ። መንግሥት ድርሻውን የወሰደው በወረቀቱ ቁጥር ልክ ስለነበር ለገበሬው የቀረው ለዘር እንኳ የማይበቃ ሆነ። ጎተራው ባዶ መሆኑን የተናገረ ሰው እህል ደብቀሃል ተብሎ ተደበደበ። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 በረኃብ ያለቀውን ሕዝብ አጥኚዎች ከ15 ሚሊዮን እስከ 45 ሚሊዮን ይገምቱታል። ጋዜጠኛው ያንግ ጂሼንግ አባቱን የነጠቀውን ይህን ረኃብ በየክፍለ ሀገሩ መዛግብት ውስጥ ለዓመታት ፈትሾ 36 ሚሊዮን ሞቷል ይላል፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2008 በሆንግ ኮንግ ታተመ፣ በዋናው ቻይና ግን ታገደ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ስሟ በዓለም የተነሣ አገር ልጅ ይህን ሲማር አንድ ትልቅ ነገር ያያል። የዝናብ መጥፋትና የሕዝብ እልቂት አንድ አይደሉም፤ በሁለቱ መካከል ሹም፣ ሪፖርት፣ ኮታና ዝምታ አሉ። ይህን የተረዳ ተማሪ ነገ የግብርና ባለሙያ ሆኖ የምርት ቁጥር ሲሞላ እጁ ላይ ያለው ወረቀት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያውቃል። የትኛው የቋንቋ ኮርስ ይህን ይሰጠዋል?

የመሬቱ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 መገባደጃ በአንኋይ ክፍለ ሀገር ሺያኦጋንግ በምትባል መንደር 18 ገበሬዎች በሌሊት ተሰብስበው አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ አብዛኞቹ በቀይ ቀለም የተነከረ ጣታቸውን አሳረፉ። የኮሙኑን መሬት በየቤተሰቡ ሊከፋፈሉ፣ የመንግሥትን ድርሻ ሰጥተው የተረፈውን ሊያስቀሩ ተስማሙ። ከመካከላቸው የሚታሠር ወይም የሚገደል ቢኖር ልጆቹን 18 ዓመት እስኪሞላቸው ሌሎቹ ሊያሳድጉ ቃል ተገባቡ። በተከታዩ ዓመት መኸሩ ካለፉት ዓመታት በብዙ እጥፍ በለጠ፤ መንግሥትም ሊቀጣቸው ሲችል አሠራሩን ተቀብሎ በመላ አገሪቱ አስፋፋው። የቻይናን ዕድገት ከፋብሪካና ከባቡር የሚጀምሩ ሰዎች ይህችን ወረቀት ይዘሏታል። ከቢቸና እምብዛም በማይርቀው በደጀን አካባቢ የነበረው የየትኖራ የአምራቾች ማኅበር በደርግ ዘመን አርአያ ተብሎ ሲታይ ኖሯል። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ግን በአገሪቱ ያሉ የአምራቾች ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ፤ ገበሬው መሬቱንና በሬዎቹን ተካፍሎ ወደ ግል እርሻው ተመለሰ። ሁለቱ አገሮች በዐሥራ ሁለት ዓመት ልዩነት አንድ ጥያቄ ገጥሟቸዋል፤ አመላለሳቸው ለምን ተለያየ? ቻይና የመንደሩን መሬት የመንደሩ የጋራ ሀብት አድርጋ ስታስቀር የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ፤ ይህ በገበሬው ኑሮ ላይ ምን ልዩነት አመጣ? በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ቤተሰቡ መሬት ያጣ ወይም ያገኘ ልጅ ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም። ወደ ኋላም ይኬዳል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም ሲያምፅ ሞጣና ቢቸና ከዳሞት ጋር ዋነኞቹ የዐመፅ አውራጃዎች ነበሩ። ገበሬው ልኬታው ርስቱን ለመንጠቅ ነው ብሎ ፈራ፤ ጦር ተላከ፣ ከአየርም ተደበደበ፤ በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ አገረ ገዢውን አንሥተው ውዝፉን ማሩ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ይህን ዐመፅ ከባሌና ከትግራይ ዐመፆች ጋር አነጻጽረው መጽሐፍ ጽፈውበታል። ግብር የከበደበት ገበሬ መቼ ያምፃል፣ መቼስ ዝም ይላል የሚለው ጥያቄ የቻይናን ሁለት ሺህ ዓመት ሰንጥቆ ያለፈ ጥያቄ ነው። ሞጣ ላይ ተቀምጦ ይህን ማጥናት የሰው አገር ወሬ መስማት አይደለም።

ፈተናንም እናንሣ። ቻይና ሹሞቿን በጽሑፍ ፈተና መምረጥ የጀመረችው ከ1,400 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ሥርዓቱ እስከ እ.ኤ.አ. 1905 ዘለቀ። ተፈታኙ የኮንፊሽየስንና የተከታዮቹን መጻሕፍት ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ይይዛል። በናንጂንግ የፈተና ግቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ጠባብ ክፍሎች ነበሩ፤ ስንቁንና መኝታውን ይዞ የገባ ተፈታኝ ቀን ጠረጴዛና መቀመጫ፣ ሌሊት አልጋ በሚሆኑ ሳንቃዎች ላይ ቀናት ያሳልፋል። በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ አካባቢ ላደገ ልጅ ይህ ምን ይገርመዋል? ሐዲስ ዓለማየሁን ያፈሩት እነዚህ ጉባኤ ቤቶች ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማር የቆሎ ተማሪን ያውቃሉ። ልዩነቱ ግን ብዙ ያስተምራል። የቅኔ ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ አይደግምም፤ አዲስ ካላመጣ አይቆጠርለትም። የቻይናው ተፈታኝ በመጨረሻዎቹ ዘመናት ስምንት ክፍል ባለው የድርሰት ቅርጽ ታስሮ ነበር። በእኛ ዘንድ የቤተ ክህነቱ ሊቅ የአገር አስተዳዳሪ ለመሆን በፈተና አያልፍም፤ በቻይና የገበሬ ልጅ በሕግ ደረጃ ዳኛና አገረ ገዢ መሆን ይችል ነበር። የወደቀውስ? ሆንግ ሺዩቹዋን የተባለ ወጣት ደጋግሞ ወደቀ፤ ከዚያ ታይፒንግ የተባለውን ዐመፅ መራ፤ እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1864 በቆየው ጦርነት ቢያንስ 20 ሚሊዮን ሰው አለቀ። የዐመፁ ምክንያት አንድ ሰው ፈተና መውደቁ ብቻ አልነበረም፤ ድህነትም፣ ግብርም፣ የሥርወ መንግሥቱ መድከምም ነበሩበት። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ ነው የሚፈተኑት፤ በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በተከታዩም 3.2 በመቶ። ሕዝብ የሚያምነው ፈተና ምን ዓይነት ነው? ያላለፈው ብዙኃን ወዴት ይሂድ? ይህን ከሺህ ዓመት በላይ የታገለችበት አገር ቻይና ናት፤ የእኛ ተማሪዎች ደግሞ ጥያቄው ውስጥ ተቀምጠዋል።

አንዳንዱ "ከእኛ ጋር ምን ግንኙነት ነበራት?" ይላል። ዝምድና መቁጠር ዋናው ነጥቤ ባይሆንም መልሱ አጭር አይደለም። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዩስ እንደጻፈው በስድስተኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ለአክሱሙ ንጉሥ፣ እኛ ዐፄ ካሌብ ለምንላቸው፣ መልእክተኛ ልኮ ሐር ከሕንድ ገዝታችሁ ሽጡልን አለ፤ የፋርስ ነጋዴዎች በየወደቡ ቀድመው እየጠቀለሉት አልተሳካም። ያ ሐር ምንጩ ቻይና ነበር። በድሬዳዋ አጠገብ በሀርላ በተካሄደው ቁፋሮ ከቻይና የመጡ ዕቃዎች መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ተነግሯል። ወደ ቅርቡ ስንመጣ ደግሞ ለወዳጅነት በዓል የማይመች ምዕራፍ አለ። የቃኘው ሻለቆች እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ ዘምተው 121 ወታደሮች ሲወድቁ ፊት ለፊት ከተዋጓቸው መካከል የቻይና ጦር ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1964 የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ አሥመራ ላይ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ፤ በኅዳር 1970 የዲፕሎማሲ ግንኙነት ተመሠረተ፤ በጥቅምት 1971 ንጉሠ ነገሥቱ ቤጂንግ ላይ ማኦን ጨበጡ። ኮሪያ ላይ ከተታኮሱ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ማለት ነው። ይህን ታሪክ በባህል ቀን መድረክ ላይ የሚያነሣው የለም፤ የእኛ መምህር ካላነሣው ማን ያነሣዋል?

ሌላው ጠንካራ ተቃውሞ ከቅስቀሳ ሥጋት የሚመጣ ነው። ስለ ቻይና በትምህርት ቤት መናገር ለአንድ መንግሥት ቅስቀሳ በር መክፈት ነው የሚሉ አሉ፤ ሥጋታቸው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 ፖርቱጋል ውስጥ ብራጋ ላይ በተካሄደ የአውሮፓ የቻይና ጥናት ማኅበር ጉባኤ የኮንፊሽየስ ተቋማት የበላይ ኃላፊ የነበሩት ሹ ሊን የአንድ የታይዋን ተቋም ስም የሰፈረበትን ገጽ ከጉባኤው መጽሔት አስቀድደዋል። በዚያው ዓመት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ በላይ መምህራኑ ከፈረሙበት አቤቱታ በኋላ የኮንፊሽየስ ተቋሙን ዘጋ። ታዲያ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት "ስለ ቻይና አናስተምር" የሚል ነው? በሩን ብንዘጋው ቻይና አትቀርም፤ መንገድ ሥራው ላይ፣ ስልኩ ውስጥ፣ ገበያው ላይ አለች። የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡርንም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የተመረቀውን የባሕር ዳሩን የዓባይ ድልድይም የቻይና ኩባንያዎች ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ከቻይና አበዳሪዎች የወሰድነው ብድር ከ13 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል፤ የዕዳችን ሽግሽግ ሲታይም የአበዳሪ አገሮችን ኮሚቴ ከፈረንሳይ ጋር በሊቀ መንበርነት የመራችው ቻይና ናት። የተማሪው አገር ይህን ያህል የተሳሰረችውን መንግሥት ታሪክ ከባህል ቀኑ አዘጋጅ ብቻ መስማት ነው አደገኛው። ቻይና በ1842ቱ የናንጂንግ ውልና በ1895ቱ የጃፓን ድል የደረሰባትን ውርደት ዛሬም ለምን እንደምታነሣው የሚያውቅ፣ የ1959ኙን ረኃብና የ1989ኙን የቲያናንመን አደባባይ ግድያም የሚያውቅ ተማሪ ለማንም ቅስቀሳ ቀላል ሲሳይ አይሆንም። ስለዚህ መድረኩ የእኛ፣ መምህሩ የእኛ፣ ቋንቋው አማርኛ ይሁን።

"የራሱን ሳያውቅ የሰውን?" የሚለው ተቃውሞ ለእኔ አያሳምንም፤ ምክንያቱም የሚነሣው ስለ ቻይና ሲሆን ብቻ ነው። በታሪክ መጻሕፍታችን የፈረንሳይ አብዮት፣ የጣሊያንና የጀርመን ውሕደት፣ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች አሉ፤ እነዚህን ቅንጦት ያላቸው የለም። አውሮፓ የዓለም ታሪክ፣ እስያ የሰው አገር ወሬ የሆነበት ልማድ ነው የሚያናግረው። ከእኛ ቀድመው ያሰቡበት ግን ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓን ሄደው ያዩትን በመጽሐፍ ጻፉ፤ የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥታችን የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጓል። እነዚያ ሰዎች ጃፓንን ያጠኑት አስተርጓሚ ሆነው ለመቀጠር አልነበረም፤ ኋላ ቀር የተባለ አገር እንዴት ራሱን እንደሚያስከብር ሊያዩ ነው። ያዩት ሁሉ ትክክል ነበር አልልም፤ የጠየቁት ጥያቄ ግን የመንግሥትና የሕዝብ ጥያቄ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የወቅቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ምሥራቅ ጎጃም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። ልጅ ከትምህርት ገበታ ውጭ እያለ፣ መምህር ደመወዝና ሕይወቱን እያሰበ፣ ስለ ሺያኦጋንግ ማውራት ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ይህ ይምጣ የሚል የለም። ሲከፈት ግን የሚመለሱት ልጆች ስለ መንግሥት፣ ስለ ገበሬ፣ ስለ መሬትና ስለ ዐመፅ ብዙ ጥያቄ ተሸክመው የሚመለሱ ናቸው። ስለ ራስ ቀዬ መሬትና ግብር በክፍል ውስጥ በግልጽ መናገር ለመምህሩም ለተማሪውም ጥርጣሬ በሚያስከትልበት ጊዜ የሩቁ አገር ታሪክ እንደ ቅኔ ሰም ሆኖ ያገለግላል፤ ወርቁን ተማሪው ራሱ ያገኘዋል። በዚህ ምክንያት ከሰላሙ ጊዜ ይልቅ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋል እላለሁ። ወጪውም ቢሆን ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ የእስያ ካርታ፣ የተዘጋጀ መምህርና ከፈተና ሰሞን ውጭ ያሉ ጥቂት ከሰዓት በኋላዎች ናቸው።

የታሪክ መምህራኑ በቂ ንባብ የላቸውም የሚለው ግን እውነት ነው፤ መሥራት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ለመምህራኑ በአማርኛ የተዘጋጀ አጭር የንባብ ጥራዝ ያስፈልጋል። ይህን የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ክፍሎች ሊያዘጋጁት ይችላሉ፤ የአዲስ አበባው የኮንፊሽየስ ተቋም ካርታና ሥዕል ቢሰጥ ተቀብሎ፣ ይዘቱን ግን ለራስ አስቀርቶ። ትምህርቱ በሁለቱም ከተሞች በታሪክ ክበብ በኩል በዓውደ ጥናት መልክ ይጀመር። የመጀመሪያው ቀን ርዕስ የ1958ቱ የእህል ሪፖርት ይሁን፤ ተማሪዎቹ ከሳምንት በፊት አያቶቻቸውን ስለ ኮታ ጠይቀው፣ በስንት ኩንታል፣ በምን ዋጋ፣ የጎደለውን ከየት እንዳመጡ ጽፈው ይምጡ። መምህሩ የአያቶቹን ቁጥር በሰሌዳው አንድ ወገን፣ የቻይናውን በሌላው ወገን ይጻፍ፤ ክርክሩን ተማሪዎቹ ይጀምሩት።